በሞተር ብስክሌት የዓባይን በረሃ ስንሻገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ የዓባይን በረሃ ያቋርጣል። በአንደኛው አፋፍ ላይ ጎሐ ጽዮን አለች። በሌላው አፋፍ ላይ ደጀን አለች። ሁለቱም የደጋ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ምድር ተሰንጥቃ ወደ ታች ትወርዳለች። ከታች ዓባይ ይፈስሳል።

ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። የወንዙ ዳር ግን ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ነው። እንግዲህ ከደጀን እስከ ወንዙ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከከተማ እስከ ከተማ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህን መንገድ በአውቶቡስ የሄዱ ብዙዎች ናቸው። እኛ በ2011 ዓ.ም በጥር ወር የተሻገርነው በሞተር ብስክሌት ነው። ባለቤቶቿ ባጭሩ «ሞተር» ይሏታል። እኛም እንደነሱ እንላለን። ሞተር እግርም ናት፣ አፍም ናት። እግር ሆና ታደርሳለች። አፍ ሆና ትበላለች። ስለ ሁለቱም እንነግራችኋለን።

ሁለት በሬ የተሸጠባት ሞተር

ያሻገሩን ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ቤታቸው ከደጀን ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሰውና ዕቃ በሞተር እያመላለሱ ይኖራሉ። የመጀመሪያዋን ሞተር ለመግዛት ሁለት በሬ ሸጡ። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚገጥመው እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ምርቱም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ያቺ ሞተር የሁለት በሬ ሥራ መሥራት ነበረባት። በዓመቱ ሁለተኛ ሞተር በዱቤ ገዙ። እኛ ስንደርስ ዕዳው ገና አላለቀም ነበር።

የቤቱን ሒሳብ የሚይዙት እናታቸው ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ነው። ለእያንዳንዷ ሞተር አንድ አንድ ደብተር አላቸው። በደብተሩ ላይ 4 ነገር ይጻፋል። ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የገባው ገንዘብ፣ የወጣው ገንዘብና የወጣበት ምክንያት። ሌላ የለም።

ጠዋት በ1 ሰዓት ልንነሣ ተዘጋጀን። እናትየው ደብተሩን ገለጡ።

«ልጄ፣ የወንድምህ ሞተር የኋላ ፍሬን ሸራ ከተቀየረ ብዙ ጊዜው ነው» አሉ።

«እማዬ፣ ገና ነው። ይይዛል እኮ!» አለ ታላቅየው።

«አንተ ገና ነው ትላለህ። ደብተሩ ግን ደርሷል ይላል።»

«እንግዶቹ ይረፍድባቸዋል።»

«ይርፈድባቸው። ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ። አንተ ሳትወለድ በእግሬ ወርጄዋለሁ።»

ወደ መካኒክ ሄድን። መካኒኩ የኋላውን ጎማ ፈታ። ሸራው ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል። አዲሱ ሸራ ተገኝቶ እስኪገጠም ግማሽ ቀን አለፈ። የዚያን ጠዋት ገቢ ቀረ። ለሸራውም ገንዘብ ወጣ። ታናሽየው አኮረፈ።

ከመነሣት በፊት የሚታይ

ስንጠብቅ ሳለ መካኒኩን ጠየቅነው። እሱም እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሳየን።

መጀመሪያ ጎማ ይታያል። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ይሞቃል፣ ቶሎም ያልቃል። ንፋሱ ሲበዛ ደግሞ መንገዱን በደንብ አይቆነጥጥም። ሁለተኛ ካቴናው ይታያል። ካቴናው በጣት ሲገፋ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ከላላ ይወልቃል። ከጠበቀ ይበጠሳል። አቧራው ተጠርጎ ዘይት ይቀባል። ሦስተኛ የኢንጂኑ ዘይት ይታያል። ቢጎድል ይሞላል። ቢጠቁርና ቢቀጥን ይቀየራል። አራተኛ ፍሬን ይታያል፤ የፊቱም የኋላውም።

«ባለ 125 ሲሲ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሲሲ የሚለካው ቤንዚኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበትን የኢንጂኑን ጉሮሮ ስፋት ነው። 1,000 ሲሲ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 125 ሲሲ የአንድ ሊትር ስምንተኛ ነው። አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላ ይሆናል። ሁለት ሰው ተሸክማ ዳገት የምትወጣው በዚያች ነው። ብትደክም አይፈረድባትም።

በመጨረሻ ሁላችንም ሄልሜት አደረግን። ሙቀቱ አይመችም። ነገር ግን የሰው ራስ እንደ ጎማ አይቀየርም። በጥናት እንደ ታወቀው ሄልሜት ማድረግ በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ40 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ሄልሜት ለነጂው ብቻ አይደለም። ከኋላ ለተቀመጠውም ነው።

ቁልቁለቱ

ከደጀን እንደ ወጣን ነፋስ ፊታችንን መታው። በአውቶቡስ ውስጥ አገር የሚታየው በመስኮት ነው። በሞተር ላይ ግን አገሩ ውስጥ ነው የሚገባው። የደጋው ጭድ ሽታ ከኋላ ቀረ። የቆላው ሙቅ አየር ከታች መጣ። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ከደጀን እስከ ወንዙ 9 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ጋቢ ለብሰን ተነሥተን፣ ከመንገዱ ግማሽ ላይ አውልቀን አሰርነው።

ገደሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተደራርቧል። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ጀሶ ያለበት ንጣፍ ይከተላል። ከታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የታችኛው ከሁሉ አስቀድሞ የተነጠፈ ነው።

«ኢንጂኑን አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል» የሚሉ አሉ። ይህ ሞትን መጥራት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ኢንጂኑ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ማርሽ ከሌለ ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሁለት እጃችሁን አጥብቃችሁ ብታፋትጉ ይሞቃሉ አይደል? ፍሬንም እንዲሁ ነው። ሲግል አይይዝም። በመንገዱ ዳር አንድ የጭነት መኪና ከጎማዎቹ ጭስ እየወጣ ቆሞ አየን። ሾፌሩ እስኪበርድለት ጥላ ሥር ተቀምጧል።

መንገዱ በብዙ ቦታ እንደ ማዕበል ወጣ ገባ ይላል። ከባድ መኪና ይጫነዋል። ተዳፋቱም ይንሸራተታል። ከአንድ ጥምዝ እንዳለፍን የፍየል መንጋ መንገዱን ሞልቶት አገኘን። በግራ ገደል ነው። በቀኝ ቋጥኝ ነው። ታናሽየው ፍሬን ያዘ። ሞተሯ ተንገዳግዳ ቆመች። በጎማውና በመጀመሪያዋ ፍየል መካከል አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም።

እረኛው ሕፃን ልጅ ነው። ደንግጦ በትሩን ጣለ። ማንም አልተናገረም። ታናሽየው ወርዶ የኋላውን ጎማ ዳሰሰ። ከዚያ በኋላ አላኮረፈም።

ድልድዩና ዳገቱ

ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ። አሮጌው የሲሚንቶ ቅስት ነው። አዲሱ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ተመርቋል። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ከሁለት ምሰሶዎች የወረዱ ገመዶች ወገቡን ይዘውታል። ከሥሩ ዓባይ ደፍርሶ ያልፋል። የደጋውን አፈር ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ዳገቱ የኢንጂን ፈተና ነው። ታላቅየው በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ወጣ። ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ ዳገት መውጣት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። እሱን አላደረገም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከአንድ ዛፍ ሥር አቆመ። ኢንጂኑ በነፋስ የሚበርድ ነው። ዙሪያውን ስስ ስስ የብረት ክንፎች አሉት። ክንፎቹ በጭቃ ከተደፈኑ አይበርድም። የጋለ ኢንጂን ላይ ውሃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጊዜ መስጠት ነው እንጂ! ቁጭ ብለን ጭኮ በላን። ወደ ታች ስናይ ያለፍንበት መንገድ ክር ይመስላል።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ቀዝቀዝ ብሏል። ሻይ ጠጣን። እዚያ ታላቅየው ስለ ሥራው አጫወተን። ከዋናው መንገድ የሚርቁ ቀበሌዎች አሉ። በእግር 3 ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በሞተር ግማሽ ሰዓት ነው። ሌሊት በር ተንኳኩቶ የታመመ ሕፃን ከነእናቱ ያደረሰበት ቀን ብዙ ነው።

«ደስታውስ?» አልነው።

ሣቀ። «እሑድ ሥራ ሲጠፋ እኔና ወንድሜ እስከ አፋፉ እንነዳለን። ቁጭ ብለን ገደሉን እናያለን። ከዚያ እንመለሳለን። ሌላ ጉዳይ የለንም» አለ። ቀጥሎም «እናታችን ግን በደብተሩ ላይ ‹ግማሽ ሊትር፣ ለጨዋታ› ብላ ትጽፈዋለች» አለን።

ሞተር ምን ትበላለች?

የነሱ ሞተር በደህና መንገድ ላይ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከደጀን ጎሐ ጽዮን ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ቢሆን ከሁለት ሊትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከሸክምና ከዳገት ጋር ግን 3 ሊትር ያዙ።

ቤንዚን ብቻ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። በየ2,000 ወይም በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ የኢንጂን ዘይት ይቀየራል። ጎማና ከመነዳሪ ያልቃሉ። ካቴናው ሲያልቅ ጥርሶቹም አብረው ይቀየራሉ። አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላልና። ካንዴላ አለ፤ የፍሬን ሸራ አለ። በዓመት ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አለ። መድኑ በሕግ ግዴታ ነው።

በሬ የሚበላው ሣር ከማሳው ዳር ይገኛል። ሞተር የምትበላው ግን ከገበያ ብቻ ነው። በሬ ሲያረጅ ሥጋውና ቆዳው ይሸጣል። ሞተር ስታረጅ የምትተወው ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተር ያለው ሰው ስትበላሽ ሳይሆን ደህና ሳለች ገንዘብ ይለያል። በዚህ ቤት ከሚገባው ከያንዳንዱ 10 ብር 3ቱ ለቤንዚን ነው። 2ቱ ለጥገና ይቀመጣል። 2ቱ ለዕዳ ይከፈላል። 3ቱ ለቤት ነው። የጥገናው ገንዘብ ለሠርግም ለድግስም አይነካም።

እናንተም ሞተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ደብተር ግዙ። ሞተር ካለው ጎረቤት ጠይቁ። የአንድ ወር ወጪውን ጻፉ። በ12 አባዙት። ከዚያ ከበሬው ጋር አስተያዩት። ቁጥሩ የሚላችሁን ስሙ። ሞተር የማያዋጣው ሰው አለ። የሚያዋጣውም አለ።

በማግስቱ ወደ ደጀን ተመለስን። እናትየው ደብተሩን አምጥተው አሳዩን። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፤ መስመሩን አይለቅም። በዚያ ዓመት ከወጪ ቀሪ ገንዘብ አንድ በሬ ተገዝቷል። ቀኑና ዋጋው ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ባዶ መስመር ትተዋል።

«ይህስ ለምንድን ነው?» አልናቸው።

«ለሁለተኛው በሬ ነው» አሉን።