«ዲስኩ ተጣሟል» ይሉናል

ፍሬን ስንይዝ መሪው እጃችን ላይ እንደ ወንፊት ይናጣል። ጋራዥ እንሄዳለን። መካኒኩ ክሪክ እንኳ ሳያነሳ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቶርኖ ቤት ይሂድ!» ይቺን ፍርድ ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ወይ መኪና የላችሁም፣ ወይ በጣም እድለኞች ናችሁ።

ሦስት ሆነን አዋጥተን የገዛናት ቪትዝ በሁለት ዓመት ውስጥ ዲስኮቿ ሦስት ጊዜ ቶርኖ ቤት ተመላልሰዋል። በተላጩ ማግስት ቅቤ ናት። ሦስት ወር ትቆይና እንደገና ዛር እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ! እንግዲህ በሽታው በየሦስት ወሩ «ታክሞ» የሚመለስ ከሆነ ሐኪሙን ስለ ምርመራው መጠየቅ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው «ተጣሟል» ከምትለው ቃል ነው። የፍሬን ዲስክ እንደ ቆርቆሮ ሰሃን በቀላሉ አይጎብጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል አለመሆኑ ነው። ሸራዎቹ ዲስኩን ከሁለት በኩል ጨብጠው ሲይዙት ወፍራሙ ቦታ ይገፋቸዋል፣ ቀጭኑ ይለቃቸዋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ። እጃችን ላይ የሚደርሰው ያ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ሊያንስ ይችላል።

ታዲያ ውፍረቱን ማን አበላሸው? ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው ከዲስኩ ጀርባ ነው። ዲስኩ የሚያርፍበት የብረት ፊት ዝገት ወይም አፈር ከያዘ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ሲዞር በጥቂቱ ይዋልላል። ፍሬን ሳንይዝ እንኳ አንዱ ቦታው ሸራውን እየላሰ ያልፋል። ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሲጠራቀሙ ያ ቦታ ይሳሳል፣ መሪውም ዘፈኑን ይጀምራል። የሦስት ወሩ ምስጢር ይሄው ነው። ቶርኖው ዲስኩን በገዛ ማሽኑ ልክ አስተካክሎ ይልጨዋል፤ መካኒኩ ደግሞ መልሶ ያው የዛገው ፊት ላይ ይገጥመዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ጎሚስታው ነው (ይቅር ይበለን፣ እንወደዋለን)። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሁለት እግሩ ይቆምበታል። መጀመሪያ አንዱን ቡሎን እስከ ጥግ፣ ከዚያ ጎረቤቱን። ቶዮታ ለዚህ ዓይነት መኪና የጎማ ቡሎን የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያውም ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ በመስቀል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው የአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሲቆም ወደ 690 ይጠጋል። ምስኪን ዲስክ!

የውድድር መኪኖች መሐንዲስ የነበረው አሜሪካዊው ካሮል ስሚዝ ደግሞ «የተጣመመ ዲስክ» የሚባለውን ነገር ተረት ነው ብሎ ጽፎ፣ ወንጀሉን ዲስኩ ላይ እኩል ሳይለጠፍ በቀረ የሸራ ቅሪት አሳቧል። የጋለ ፍሬን ረግጠን ቀጥ ብለን ስንቆም ሸራው ማህተሙን አትሞ ይቀራል።

ስለዚህ ቶርኖ ቤት ከመሮጥ በፊት «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፍሬን ሳይነካ በ80 እና በ100 መካከል ከሆነ ጎማው ባላንስ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና መሪው ላይ ከሆነ የፊት ዲስኮች ናቸው፤ ከመሪው ይልቅ መቀመጫው ላይ ከተሰማ ወደ ኋላ እግሮች ዞር በሉ። ከመንዳት በኋላ አንዱ ጎማ ከሌላው በጣም ከጋለ የፍሬኑ መያዣ ተጣብቆ ይሆናል። ያረጀ ጎሚኒ ደግሞ ትንሿን ንዝረት ትልቅ ያደርጋታል።

«ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ምን አለበት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለቦሌ መንገድ ምንም ላይሆን ይችላል። እኛ ግን ለፋሲካ የአንዳችንን እናት ይዘን ወደ ጎጃም ስንወርድ አባይ በረሃ ላይ ነው ነገሩ የገባን። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው። 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ፣ በፍሬን ብቻ ከያዝነው፣ የሚወጣው ሙቀት ከ30 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሦስት ጊዜ የተላጨ ስስ ዲስክ ያንን ሙቀት የሚሸከምበት ብረት የለውም። ዲስኩ ሲግል የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል። እማማ ከኋላ ሆነው «ልጆቼ፣ ይቺ መኪና ብርድ ብርድ ይላታል እንዴ?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ማርሹን ሁለተኛ ላይ አድርገን፣ ሞተሩ እንዲይዘን ትተን፣ ቀስ ብለን ወረድን።

ከተመለስን በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሊላጭ የተላከውን ዲስክ የቶርኖው ባለሙያ ለካውና «ከዚህ በላይ ከላጨሁት ቆርቆሮ ነው የምትነዱት» አለን። የመጨረሻው የተፈቀደ ውፍረት እኮ ዲስኩ ላይ ተጽፏል! እስከዚያች ቀን ያነበበልን ጋራዥ አልነበረም።

ሁለት አዲስ ዲስኮችና አዲስ ሸራ ገዛን። ዲስክ ለአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም። ማረፊያውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ አስፈተግን። ዲስኩን በቡሎን አስረን፣ እያዞርን፣ መርፌ ባለው መለኪያ መዋለሉን አስለካን፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንደኛው አለፈ። ነቅለን በሚቀጥለው ቡሎን ቀዳዳ አዙረን ስንገጥመው ተስተካከለ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ደጋግመን፣ ሙሉ በሙሉ ሳንቆም፣ ሸራውን ከዲስኩ ጋር አለማመድነው።

ይኸው ከአንድ ዓመት በላይ ሆነው፣ መሪው ዝም ብሏል። አሁን ጎማ ስናስለጥፍ ልክ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለውን ቁልፍ ከኋላ ኮፈን እናወጣለን። ጎሚስታው ቧንቧውን ተደግፎ ያየናል፦ «ምነው ልጆች፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትመዝኑት?»