ከኢየሩሳሌም የመጣው ደብዳቤ

የማጭበርበሪያ ኢሜይልን የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሁሉ ከኮምፒውተር ይጀምራል። እኔ ከደብረ ታቦር ብጀምር ይሻለኛል። ሰኔ 1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ መልእክተኞቹን ራሳምን፣ ዶክተር ብላንክንና ጓደኞቻቸውን እዚያ አቁመው ሲከሱ፣ ከኢየሩሳሌም የደረሳቸውን ደብዳቤ ጠቀሱ። ቱርክ በሱዳን ሐዲድ እየዘረጋ ነው፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ አገርህን ሊወጋ ነው የሚል እንደነበር ብላንክ ጽፏል። ጸሐፊው ተንኮለኛ ይሁን የዋህ፣ ለኔ ጉዳዬ አይደለም፤ ደብዳቤው የደረሰበት ሰዓት ነው እንጂ። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ከሦስት ዓመት በላይ መልስ አጥቶ ቆይቶ ነበር፤ የቱርክ ስጋታቸውም የቆየ ነው። ለሚያውቁት ፍርሃት ማስረጃ ሲመጣ ማን ያጣራል? እዚያው ጎን ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሩ ነበር፤ የወሬ ምንጭ ማጣሪያ ግን ጋፋትም አልሠራም። እንግዶቹ በወሩ እስረኛ ሆነው መቅደላ ወጡ።

«ታዲያ እንግሊዝ መጥቶ የለ? ሐዲድስ ዘርግቶ የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ሐዲድ ዘርግቷል። ግን የመጣው እስረኞቹን ሊያስፈታ ነው። ወሬውን እውነት ያደረገው ወሬውን ማመኑ ነው።

የዘመኑ የማጭበርበሪያ ኢሜይልም የሚያነጣጥረው በሰዓቱ ላይ ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በቀናት ውስጥ፣ አሜሪካ ለነበሩት ለኦሮሞ አክቲቪስቱ ለጃዋር መሐመድ በኢሜይል የቪዲዮ ሊንክ ደረሳቸው። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ መሠረት፣ ገጹ ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል፣ ጭራው ግን «ዶት ኮም» ሳይሆን «ዶት ኔት» ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ ይላል፤ እድሳቱ ሰላይ ሶፍትዌር ያዘለ ነው። እሳቸው መልእክቱን ለመርማሪዎቹ አስተላለፉት።

«አጭበርባሪ በፊደል ግድፈቱ ይታወቃል» የሚሉም አሉ። ያ ድሮ ቀረ፤ ዛሬ አማርኛውን ማሽን ያቃናለታል። ከጽሑፉ ይልቅ የራስን ልብ መመርመር ይበጃል፦ ይህ መልእክት አስቀድሜ የፈራሁትን ወይም የተመኘሁትን እየነገረኝ፣ አሁኑኑ እያለ ያጣድፈኛል? ከሆነ መልእክቱ ባመጣው ሊንክም ሆነ ስልክ አለመሄድ፣ በራስ መንገድ መጠየቅ ነው። ይህ ጊዜ ይፈጃል ማለት አያስኬድም፤ ቴዎድሮስ ኢየሩሳሌም ጠይቀው መልስ እስኪያገኙ ወራት ይፈጅባቸው ነበር፣ የዛሬው ደብረ ታቦሬ ግን «ቴሌብርህ ሊዘጋ ነው» ቢባል ራሱ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውላል። የሚስጥር ቁጥሩን አስቀድሞ ሰጥቶ ከሆነም መጀመሪያ እሱን ይቀይር፣ ከዚያ ይደውል።