የኔ ድንች ምን አጠፋ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ታሪኩ በሙሉ ካልተነገረ ደግሞ ይቅርታው አይሞላም።

ባለፈው ሳምንት ቤት ስቀይር ከአሮጌ ሮስተርና ከፈተና ወረቀት መሀል አንዲት ገጽ ወጣች። የ9ኛ ክፍል የባዮሎጂ ሙከራ ሪፖርት ናት። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ፣ 4/10 ተጽፎባታል። ከሥሩ «ውጤቱ ትክክል አይደለም» ብያለሁ። ትክክል ያልነበርኩት እኔ ነበርኩ።

አርጆ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ኦስሞሲስን በጠመኔ ነበር የማስተምረው። ሰሌዳው ላይ ድንች እስላለሁ፣ ቀስት አደርጋለሁ፣ «ውሃ ጨው ወይም ስኳር ካነሰበት ወደ በዛበት በስስ ሽፋን በኩል ይሻገራል» እላለሁ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና «ባርሲሳ፣ እርስዎ ራስዎ አይተውታል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ኮሌጅም እያለሁ ያየሁት ሥዕሉን ነው። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ማታ ሳስበው አደርኩ።

በቃ እንሥራው አልን። ቢከር የለም፣ ሚዛን የለም። የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቆረጥን። ድንች ከገበያ መጣ። ስኳር ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ግን ፋብሪካው በአርጆ ዴዴሳ ስም ይጠራል እንጂ ስኳር ለተማሪ ሙከራ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጨው። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ዕቃ፣ በየዕቃው ሩብ ሊትር ውሃ፤ የመጀመሪያው ባዶ ውሃ፣ ቀሪዎቹ 1፣ 2፣ 3 እና 4 የሻይ ማንኪያ ጨው። ድንቹ ተልጦ 50 ሚሊሜትር ርዝመት ባላቸው ዘንጎች ተቆረጠ። አድሮ ጠዋት በማስመሪያ ይለካል።

እኔ ቀድሜ የነገርኳቸው ምን ነበር? «ጨው ባነሰበት ይረዝማል፣ መሀል ላይ ባለበት ይቆያል፣ በበዛበት ያጥራል።» ስህተቴ እዚህ ጋ ጀመረ። መልሱን ቀድሜ ሰጠኋቸው።

ሪፖርቱ ሲመጣ አብዛኛው ያማረ ነው። 53፣ 51፣ 50፣ 48፣ 46። እንደ ደረጃ ቁልቁል የሚወርድ። ለነዚህ 9 ሰጠሁ። የሷ ግን 52፣ 47፣ 46፣ 45፣ 45 ይላል። ባዶ ውሃ ውስጥ ያለው ብቻ ረዘመ፣ ሌላው በሙሉ አጠረ። «ባለበት የቆየ» የሚባል ነገር የለም። በደንብ አልለካችም ብዬ 4 ሰጠኋት።

ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። አልተከራከረችም። ወረቀቷን እያየች «ባርሲሳ፣ የኔ ድንች ምን አጠፋ?» አለችኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ቤቴ ተቀመጥኩና አሰላሁት። አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ ነው። ሩብ ሊትር ላይ ሲገባ 2.4 በመቶ ይሆናል። ሆስፒታል በክንድ የሚሰጠው የጨው ውሃ፣ ኖርማል ሳላይን የሚባለው፣ 0.9 በመቶ ነው፤ ከደማችን ጋር እንዲመጣጠን። የድንች ሴልም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እኛ «ትንሽ ጨው» ያልነው የመጀመሪያው ማንኪያ ከሁለት እጥፍ በላይ አልፎት ሄዷል ማለት ነው! ስለዚህ አራቱም ዘንጎች ማጠር ነበረባቸው።

እጄ አላረፈም፣ ድንች ቆረጥኩ። በዚህኛው ዙር በሩብ ሊትር ሳይሆን በአንድ ሊትር ውሃ። አንድ ማንኪያ ያለበት ጠዋት 51 ሆኖ ተገኘ። አንድ ተኩል ማንኪያ ያለበት እዚያው 50 ላይ። ሁለት ማንኪያ ያለበት 49፣ ሲይዙት ለስለስ ያለ። ባዶ ውሃ ውስጥ ያደረው ግን ቢታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሴሉ ውሃ ጠጥቶ ግድግዳውን ገፍቶ ስለሚወጠር ነው። ልኩ በድንቹ ዓይነትና ከተቆፈረ በቆየበት ጊዜ ትንሽ ይለያያል፤ ያ ማታ ግን በዓይኔ አየሁት። የሷ ድንች ምንም አላጠፋም። ያጠፋው የኔ ማንኪያ ነው።

እንግዲህ ይሄን አውቄ ምን አደረግኩ? እዚህ ጋ ነው የማፍረው። ምንም። ማርኩ ሮስተር ላይ ገብቷል አልኩ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ «ድሮም ዲፕሎማ ነው፣ ምን ያውቃል» እንዳይሉኝ ፈራሁ። በሚቀጥለው ዓመት የጨውን መጠን ቀንሼ፣ እንደ አዋቂ፣ ለሌሎች ተማሪዎች አስተማርኩ። እሷ 4ቷን ይዛ አለፈች።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩት አንድ ነገር አለ። በ1748 እ.ኤ.አ ኖሌ የሚባል ፈረንሳዊ የቤተ ክህነት ሰው ስለ ፈሳሽ መፍላት እየመረመረ አልኮል የሞላበትን ዕቃ በአሳማ ፊኛ ከድኖ ውሃ ውስጥ ያስቀምጣል። ፊኛው ተነፋ። ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል። እሱ የፈለገው ይሄን አልነበረም፤ ግን ያየውን ጻፈ። ኦስሞሲስ ከሚጠቀስላቸው የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ይሄ ሆነ። የኔዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ያየችውን ጻፈች። እኔ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁባት።

ሪፖርቷን አሁን እንደገና ሳነበው መጨረሻ ላይ ያኔ ያላየሁት አንድ መስመር አለ። «ዩሪያ ሥሩ ላይ ሲበዛበት የአባቴ በቆሎ የሚቃጠለው በዚህ ይሆን?» ትላለች። አዎ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው! ማዳበሪያ ሥሩ አጠገብ ሲከማች የአፈሩ ውሃ ከሥሩ ሴል ይበልጥ ይወፍራል፤ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ እንዲያውም ያለውን ያጣል። ቡቃያው እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይደርቃል። ከ60 በላይ ተማሪ ነበር፤ ድንቹን ከማሳ ጋር ያገናኘችው አንዲት እሷ ናት። ከጥያቄዋ አጠገብ ምልክት እንኳ አላደረግኩም።

ስሟን አልጽፍም፤ ይሄን ካነበበች ራሷን ታውቃለች። እህቴ፣ 10/10 ነበር የሚገባሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ወረቀትሽ እኔ ጋ አለ፣ ማርኩን አስተካክዬ ፈርሜበታለሁ። ነቀምቴም ሁኚ አዲስ አበባ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ። የምታውቋት ካላችሁ ይሄን አድርሱልኝ።

9 ያገኛችሁት ልጆች፣ እናንተንም አልወቅስም። ውሸቱን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ መልሱን ቀድሜ ነግሬ፣ ለሚመሳሰል ቁጥር ማርክ ሰጥቼ። አሁን ከሙከራ በፊት ምን እንደሚሆን አልናገርም። ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ቁጥር ይዞ ከመጣ ድንቹን አምጡት እላለሁ።

አስተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቼ፣ ልሞክረው ካላችሁ ልኩን ልንገራችሁ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከዜሮ ጀምራችሁ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ጨምሩ። ከሦስት ማንኪያ አትለፉ። እናንተም ጋ ምን እንደወጣ ጻፉልኝ፤ ከኔ ቢለይም፣ በተለይ ከኔ ከተለየ።