እንግዳ የማያየው እድሳት

የቤታችሁን የውሃ ቧንቧ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ላቫንዲኖው ላይ የሚያብረቀርቀውን ማለቴ አይደለም። ግድግዳ ውስጥ ገብቶ፣ ወለል ስር ተቀብሮ፣ ከቆጣሪው እስከ ሻወሩ የሚጓዘውን ማለቴ ነው። እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ቤት አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አየሁት፤ ካየሁት በኋላ ደግሞ ቶሎ የምረሳው አልሆነም።

ቤታችን አዘዞ ነው። አባቴ መምህር ሳሉ በ1975 ዓ.ም. የሠሩት፣ ዛሬ እሳቸውና እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንም አብረን የምንኖርበት ቤት ነው። የጎንደር ሰው ስለ ውሃ ሲያወራ አንገረብን ሳያነሳ አይቀርም። ግድቡ ከተራራው በሚወርድ ደለል እየተሞላ፣ የከተማው ሕዝብ ደግሞ እየበዛ ሄዶ ውሃ በፈረቃ መጠበቅን ለምደነዋል። የመገጭ ግድብም ለዓመታት የሚጠበቅ ተስፋ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በእኛ ቤት ሌሊት «ውሃ መጣ!» ሲባል የሚተኛ የለም። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሁሉ እስኪሞላ ሁላችንም ቆመን እናድራለን።

ችግሩን መጀመሪያ የነገረን የእናቴ ነጠላ ነው። ለበዓል ታጥቦ ሲደርቅ ጥለቱ አጠገብ የሻይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ይዞ ተገኘ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ውሃ ቀልቶ መውረድ ጀመረ። ሻወሩም ከመፍሰስ ወደ መንጠባጠብ ተለወጠ። አባቴን ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ውሃው ነው እንጂ ቧንቧው ምንም አልሆነም። በእጄ ነው ያስገባሁት።»

እኔም እውነቱን ለመናገር ጉዳዩን መግፋት አልፈለግኩም። ለኩሽና ካቢኔት ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። ቀለሙን ሳይቀር መርጫለሁ። ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ማንም ለማያየው ነገር ያን ገንዘብ ማውጣት አንጀቴን አላስችል አለኝ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ትንሿ ልጄ ናት። በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ሆዷን ታመመች። ክሊኒክ ስንወስዳት ሐኪሟ መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ «ውሃችሁ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከቧንቧ» አልኳት፤ መልሱ በቂ መስሎኝ። እሷ ግን አፍልተን እንድናጠጣት፣ ቧንቧውንም እንድናስፈትሽ መከረችን።

ከመስቀል በኋላ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣን። ቆጣሪያችሁን ማታ አንብባችሁ፣ ሁሉንም ዘግታችሁ፣ ጠዋት እንደገና ብታነቡት ፍሳሽ መኖሩን ታውቃላችሁ ይባላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ይህ ብዙ አይረዳም፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ቆጣሪው ዝም ይላል። ወጣቱ ያደረገው ሌላ ነው። ታንከሩ ላይ ውሃው የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ማንም ሰው ቧንቧ እንዳይከፍት አስጠንቅቆን ሄደ። ጠዋት ተመልሶ ሲያይ ውሃው ከምልክቱ አንድ ስንዝር ወርዶ ነበር። ማንም ያልጠጣው፣ ማንም ያልታጠበበት አንድ ስንዝር ውሃ።

ጓሮውን ሲቆፍሩ መስመሩ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ አጠገብ ሲያልፍ አገኙት፤ መገጣጠሚያው ዝጎ አፈሩ ረጥቧል። ወጣቱ ያን ጊዜ የነገረኝን ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ቧንቧ ውስጥ ግፊት ሲኖር ውሃ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃ ሲጠፋና መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን ያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ልጄን ያሳመማት ይህ ነው ብዬ አልምልም። ግን ያን ዕለት ካቢኔቱን ረሳሁት።

አባቴን ማሳመን ቀረን። ክርክር አላስፈለገም። ወጣቱ ከኩሽናው ግድግዳ ክንድ የሚያህል ቧንቧ ቆርጦ አወጣና «አባባ፣ እስኪ ይዩት» ብሎ ሰጣቸው። ግማሽ ኢንች የነበረው ቀዳዳ በዝገት ተሞልቶ እርሳስ እንኳ የሚያስገባ አልነበረም። አባቴ ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዓይናቸው አዩበት። ቧንቧዎቹን በጋሪ ጭነው ያመጡበትን ቀን፣ እናቴ እርጉዝ ሆና ሲሚንቶ ስታቀብላቸው እንደነበር አወሩልን። ከዚያ «ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱም ይውጣ» አሉ።

እንዲህ ዓይነት የብረት ቧንቧ ውስጡ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ በዓመታት ውስጥ ታጥቦ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም እያበጠ መንገዱን ይዘጋል። አንዱን ቦታ ብትጠግኑት ሌላው ይቀጥላል፤ ዕድሜያቸው እኩል ነውና። ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተነሳ ውሃ በቧንቧ ሊበላሽ እንደሚችል ዓለምም በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በአሜሪካ ፍሊንት በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃው ምንጭ ሲቀየር ቧንቧ እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ባለመጨመሩ፣ ከአሮጌ ቧንቧዎች የተነሳ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን በሕፃናት ደም ውስጥ ተገኝቷል።

ሥራው ከጥምቀት በፊት ማለቅ ነበረበት። የጎንደርን ጥምቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከውጭ አገርም ዘመድ ይመጣል። ሦስት ሳምንት በአቧራ ውስጥ ኖርን። ምግብ በረንዳ ላይ አበሰልን፤ ልጆቹን ለገላ መታጠቢያ ወደ እህቴ ቤት ላክን። እናንተ ይህን ሥራ ስታሠሩ እኛ በከፊል በምክር፣ በከፊል በስሕተት የተማርነውን ያዙልኝ።

አሁን በብዛት የሚገባው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ነው። በማሽን እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ስለሚጣበቅ መገጣጠሚያው ከቧንቧው ጋር አንድ አካል ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ፤ የሚለካው ከውጭ ነው። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ወፍራሙ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውሃ የሚያሳልፍበት ቀዳዳ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን መስመር ሰፋ አድርጉት። ፀሐይም ስለሚጎዳው ጣሪያ ላይ ከታንከሩ የሚወርደውን ጠቅልሉት።

ውሃ ከከፍታ በታች ጉልበት የለውም። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር እንኳ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚሞላው ውሃ ቁልቁል ስለሚሄድ ነው። የእኛ ታንከር ከሻወሩ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ይል ስለነበር፣ ቧንቧው አዲስ ቢሆንም ግፊቱ ትንሽ ሊሆን ነበር። ማስቀመጫውን ከፍ አስደረግነው።

ለእያንዳንዱ ክፍል መዝጊያ አስገቡ፤ አንዱ ሲበላሽ ቤቱ ሁሉ እንዳይጠማ። አሮጌ ቤት ከሆነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ጥሩ፤ የመሬት ሽቦው ከብረት ቧንቧው ጋር ተያይዞ ሊሆን ስለሚችል ቧንቧው ሲወጣ መከላከያው አብሮ ይወጣል። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ደግሞ ውሃ ሞልታችሁ፣ ግፊት ሰጥታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ። እኛ መታጠቢያ ቤቱን ቸኩለን አስለሰንነው፤ በማግስቱ አንድ መገጣጠሚያ ሲያለቅስ አዲሱን ሴራሚክ ለመስበር ተገደድን።

ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁሉም አለቀ። የመጀመሪያውን ቧንቧ ማን ይክፈት ሲባል ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። ከፈቱት። አየሩ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ውሃው ንጹሕ ሆኖ መጣ። እሳቸው ብርጭቆ ሞሉና መጀመሪያ ለትንሿ ልጄ ሰጧት። «አባባ፣ መፍላት አለበት» አለቻቸው። ሁላችንም ሳቅን፤ አፈላንላትም። ዛሬም እናፈላለን፤ አዲስ ቧንቧ ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አያጸዳም።

የጥምቀት እንግዶቻችን ኩሽናው አሮጌ መሆኑን አይተው ምንም አላሉም። ስለ ቧንቧውም የጠየቀን የለም። የእናቴ ነጠላ ግን ነጭ ነበር። ያቺ የተቆረጠች የዛገች ብረት አባቴ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ እሳቸው አትጣልም ብለዋል።

እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ታንከራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ሄዳችሁ እዩት። ውሃው ካልወረደ በሰላም ቡናችሁን ጠጡ። ከወረደ ግን ካቢኔቱ ይቆያችሁ።