ቢወድቅ ይውደቅ

አባባ «ሊስተሩን አምጡልኝ» ማለት የጀመሩት እናታችን ካረፈች በኋላ ነው። ሊስተር የወፍጮ ቤት ሞተር ነው። የእኛው ትንሹ ዓይነት ነው፤ በናፍጣ የሚሠራ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ 6 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደቂቃ 650 ጊዜ የሚዞር። ቱክ ቱክ ሲል ከሩቅ ሰምተን፣ እህል ተሸክመን የሮጥን ሰዎች ድምፁን አንረሳውም። ወደ ከተማችን መብራት ሲገባ ወፍጮው ተዘጋ፤ ሞተሩም ዓመታት ቆርቆሮ ሥር ተቀመጠ።

በአይሱዙ አዲስ አበባ አመጣነው። ጫኝና አውራጆች የጠሩትን ዋጋ ሲሰሙ አባባ «በዚህማ ሌላ ሞተር እገዛለሁ!» ብለው መለሷቸው። በሰፈር ልጆች ጉልበት፣ በጣውላ ላይ አንሸራተን አወረድነው። ከዚያ ጓሮ እስካለችው ወርክሾፕ ድረስ ሥራው የእኛ ሆነ፤ የአባባ፣ የእኔና የአሥር ዓመት ልጄ።

ሞተሩ ከሦስት ኩንታል በላይ ይመዝናል። አባባ መጀመሪያ ግራና ቀኝ ያሉትን ከባድ የብረት ጎማዎች፣ መካኒኮች ቮላኖ የሚሏቸውን፣ አስወለቁን። ከዘንጉ ጋር የሚያስራቸው ሽብልቅ ዝጎ ስለነበር ናፍጣ አጠጥተነው አደርን። የቀረውን አካል ሁለት ሞራሌ ላይ በቡሎን አሰርነውና ከሥሩ የውኃ ቧንቧ ቁራጮች አጋደምን። ስንገፋው ከኋላ የሚወጣውን ቧንቧ ልጄ እየሮጠ ከፊት ያነጥፋል። አባባ በዲጂኖ ያቀናሉ። ቁልቁለቷ ላይ ስንደርስ ገመዱን ጽዱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ቀስ በቀስ መልቀቅ ጀመርኩ። (እጅ ብቻውን አይችለውም፤ ግንዱ ነው የሚይዘው።)

መሀል ላይ አንዱ ቧንቧ ተንሸራተተ። ሞተሩ ወደ ጎን አዘነበለ። አባባ፣ የ74 ዓመት ሰው፣ ዲጂኖውን ጥለው በትከሻቸው ሊደግፉት ገቡ።

«ይልቀቁት! ብረት ነው፣ ቢወድቅ ይውደቅ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያውም በልጄ ፊት። አባባ ፈቀቅ አሉ። ሞተሩ አልወደቀም፤ ተንጋዶ ቆመ። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤት ገቡ።

ገመዱን ግንዱ ላይ አስሬ፣ ሞተሩን ከሥሩ በድንጋይ ደግፌ፣ ሸራ አለበስኩት። ሁለት ቀን እንደዚያው ዋለ። ምሳ ላይ እንኳ «ጨው አቀብለኝ» የሚሉት ልጄን ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ፣ ምኑን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ፤ ብትመልሱኝ ዛሬም ያንኑ እጮሃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የብረት ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። አባባ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ዲጂኖው ልጄ እጅ ነው።

«እግርህን አርቅ» ይሉታል። «ካዘነበለ ጥለህ ሽሽ። ብረት ነው፣ ቢወድቅ ይውደቅ።»

ወደ እኔ ሳይዞሩ «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ፣ ገመዱን ያዝ እንጂ» አሉ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ አስገባነው። እስካሁን አልተነሣም፤ የሚቆምበት ሲሚንቶ ገና አልጠነከረም። ጠዋትና ማታ ውኃ የሚያጠጡት አባባ ናቸው።