ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቢሾፍቱ፦ ከሕፃናት ጋር አንድ እሑድ

አንባቢ ሆይ! በውጭ አገር መጽሔቶች ላይ አባትና እናት ሕፃናቶቻቸውን አስከትለው በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሳያዩ አልቀሩም። ስፖርቱ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተሰልፏል። የአቃቂ በሰቃ ልጅ ግን በረዶ የሚያውቀው በሐምሌ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ወላጆች የሚወሰድ አንድ ብልኀት አለ፤ ጉዞውን የሚለኩት በአባት ጉልበት ሳይሆን በትንሹ ልጅ እግር ነው።

እኛም በዚሁ ልክ ቢሾፍቱን እናስብ፤ ከአቃቂ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ምድር ባቡር በአቃቂ ጣቢያ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ ያ መሥመር ዝም ብሏል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ እኔ ግን ሕፃን ለያዘ ሰው በገላንና በዱከም የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ እመርጥለታለሁ። ልጅ «ሽንቴ መጣ» ባለ ጊዜ በሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ማለት ይቻላል፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ምድርን አፈንድቶ የቆፈራቸው ጕድጓዶች ናቸው፤ ስለዚህ እንደ ዝዋይ ቀስ በቀስ አይጠልቁም። በከተማው ስም የሚጠራው ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከላይ ከአፋፉ ሲያዩት ጸጥ ያለ መስተዋት ይመስላል፤ ይህ ጸጥታው ነው ወላጅን የሚያዘናጋው። በውኃው ዳር ሁለት ትልልቅ ሰዎች ካሉ፣ አንደኛው ሥራው ልጁን መጠበቅ ብቻ ይሁን፤ ስልኩንም ኪሱ ውስጥ ይክተት። ጀልባ ቢያምራችሁ አስቀድማችሁ በልጁ ልክ የተሠራ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን ጠይቁ። የትልቅ ሰው ሰደርያ ከሕፃን ትከሻ ላይ ያመልጣልና ሌላ ከሌለ ጀልባው ይቅር። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲያውም ጨለቅለቃ ውኃ በሚይዝበት ወቅት ራቅ ብሎ ወፎቹን መቍጠር ይበልጥበታል።

ደሞዝተኛ ስለ ሆንን ስለ ብርም እንነጋገር። በሐይቅ ዳር ያሉት መዝናኛዎች የመግቢያ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ የልጆቹንም ጨምራችሁ በስልክ ጠይቁ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቅቅል እንቍላልና ንጹሕ ውኃ ከቤት ይያዝ፤ የተራበ ልጅ የምግብ ዝርዝር እስኪመጣ አይታገሥም። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ ያሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማምሻው ላይ ደግሞ ይበርዳልና ሹራብ አትርሱ።

በመስከረም ማለቂያ ግድም በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ሲከበር የሚመጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ለበዓሉ ካልሄዳችሁ በቀር ለሕፃን ሽርሽር ሌላ እሑድ ምረጡ።

ጧት በአንድ ሰዓት ተነሥታችሁ፣ በዘጠኝ ሰዓት ለመመለስ ተሰናዱ። አንዳንድ አባት «አንድ ቢራ ብቻ» ብሎ ተቀምጦ እስከ ምሽት ሲጫወት፣ እናቲቱ የሚያለቅሰውን አዝላ በሆቴሉ ግቢ ስትዞር ማየት የተለመደ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የተነሣ ቤተሰብ ግን ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ያገኛል፤ ትንሹም ዱከም ሳይደርስ ይተኛል፤ ጋቢ ያዙለት።