ከሌላ ዓለም ስለ መጡ ክፉ እንግዶች

ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር በቴሌቪዥን ድርሰት ላይ ክፉ ሆኖ በታየ ጊዜ፤ ተመልካች አስቀድሞ የሚመረምረው መልኩን ነው። ቆዳው ጎማ መሆኑ ያስታውቃል፤ አያስታውቅም፤ እየተባለ ብዙ ክርክር ይደረጋል። ይህ ግን የልብስ ሰፊና የቀለም ቀቢ ጉዳይ ነው። ክፋቱን የሚታመን ወይም የማይታመን የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ያን ያህል መንገድ ተጕዞ የመጣው ምን ፈልጎ እንደ ሆነ፤ የፈለገውንም ለማግኘት የሚሠራው ሥራ በእርሱ በራሱ ዘንድ ትክክል መስሎ ይታይ እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ ምርመራ ከሚመቹት አንዱ፤ «ትዋይላይት ዞን» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድርሰት ውስጥ በየካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962) የታየው «ቱ ሰርቭ ማን» የተባለው ክፍል ነው። የጻፈው ሮድ ሰርሊንግ ሲሆን፤ መሠረቱን የወሰደው ዴመን ናይት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ነገሩም እንዲህ ነው። ቁመታቸው 9 ጫማ ያህል የሆነ፤ ካናሚት የሚባሉ ፍጡራን ወደ ምድር ይወርዳሉ። አንደኛው በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆሞ፤ ረኀብን እንደሚያጠፉ፤ ጦርነትንም እንደሚያስቀሩ ይናገራል። ያሉትንም ይፈጽማሉ፤ ምድረ በዳው ያፈራል፤ እያንዳንዱ አገር ጠላት የማያልፈው፤ በዓይን የማይታይ አጥር ይሰጠዋል፤ ሠራዊቱም ይበተናል። ከዚህ በኋላ ሰዎች የካናሚቶችን አገር ለማየት እየተሰለፉ ወደ መርከባቸው ይገባሉ። እንግዳው በጉባኤው ትቶት የሄደው መጽሐፍ ነበርና፤ ርእሱ በተፈታ ጊዜ «ሰውን ማገልገል» የሚል ሆኖ ተገኝቶ ሁሉን ደስ አሰኝቶ ነበር። ውስጡ ሲነበብ ግን የወጥ ቤት መጽሐፍ ሆነ።

ብዙዎች ካናሚቶችን አታላዮች ይሏቸዋል። በደንብ ሲታይ ግን ነገራቸው ከማታለል የከፋ ነው። ሰንጋ የሚያደልብ ገበሬ በሬውን አይጠላውም። ሣሩንና ፋጉሎውን ያቀርብለታል፤ ጅብ እንዳይደርስበት በረቱን ያጥርለታል፤ ከሌላ በሬ ጋር ተዋግቶ እንዳይጐዳ ለብቻው ያስረዋል፤ ቢታመምበትም ከልቡ ያዝናል። በሬው አንደበት አግኝቶ «ለእኔ የምታስበው በእውነት ነውን?» ብሎ ቢጠይቀው፤ ገበሬው ሳያፍር «አዎን» ባለው ነበር። ስለዚህ እንግዳው በሐሰት መመርመሪያ መሣሪያ በተፈተነ ጊዜ፤ መሣሪያው እውነተኛ ነው ብሎ መመስከሩ ከድርሰቱ ሁሉ የበለጠው ስፍራ ነው። (ለሰው ገላ የተሠራ መሣሪያ በካናሚት ገላ ላይ እንዴት እንደ ሠራ ከጉባኤው መካከል የጠየቀ አለመኖሩ ያስገርማል፤ ጥቅሙን የወደደ ጉባኤ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ አያበዛም።) ሰው እንዲጠግብና በሰላም እንዲኖር መፈለጋቸው እውነት ነው፤ ያልተናገሩት ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ምድረ በዳን የሚያለማ ሕዝብ የሰው ሥጋ ፍለጋ ስለ ምን ይደክማል? ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ መልስ ግን አያጣም። የተራበ ሰው የወጥ ቤት መጽሐፍ አይጽፍም። ቅመሙን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ሀብታም ርቦት እንዳልሆነ ሁሉ፤ ካናሚቶችም የመጡት ለቅምጥልነት ነው ቢባል ክፋታቸው ይበልጥ ይታመናል እንጂ አይቀንስም።

የማይታመነው መጽሐፉ ነው። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያውቅ ሕዝብ ምሥጢሩን በሰው እጅ ጥሎ መሄዱ አንድ ጉድለት ነው። ሁለተኛው የጽሕፈቱ አፈታት ነው። ሻምፖልዮን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1822 የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት ለመፍታት የቻለው፤ በሮዜታ ድንጋይ ላይ ያው ነገር በግሪክ ቋንቋም ተጽፎ ስለ ነበረ፤ እርሱም የቅብጥን ቋንቋ አጥብቆ ስለ ተማረ ነው። ለካናሚት ጽሕፈት ግን እንዲህ ያለ አቻ በድርሰቱ ውስጥ አይታይም። የባሰው ግን ኅብረ ቃሉ ነው። በእንግሊዝኛ «ሰርቭ» ማለት ማገልገልም ነው፤ ምግብን በገበታ ማቅረብም ነው፤ ሰሙ አገልግሎት፤ ወርቁ ገበታ ሆነ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ኅብር የአንድ ቋንቋ ሀብት ነው፤ የግእዙን ኅብር ወደ አማርኛ ሲመልሱት ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ፍች አንዱ ይቀራል። ከእንግሊዝኛ ጋር ዝምድና የሌለው የካናሚት ቋንቋ ያንኑ ሁለት ፍች በአንድ ቃል ከየት አገኘው? ቃሉን የመረጡት ተርጓሚዎቹ ናቸው የሚል ቢኖርም፤ ካለው ቃል ሁሉ ሁለቱን የሚይዘውን በዕድል ማንሣታቸው ያው ተአምር ነው። ቀልዱ የደራሲው ነው እንጂ የካናሚቶች አይደለም።

ያው ሰርሊንግ በ1952 ዓ.ም. በታየው «ዘ ሞንስተርስ አር ዱ ኦን ሜፕል ስትሪት» በተባለው ክፍል ከዚህ ሁሉ ችግር አምልጦ ነበር። በዚያ ያሉት ባዕዳን በአንድ መንደር መብራት ከማጥፋትና ከማብራት በቀር የሚሠሩት ነገር የለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠረጠረ እርስ በርሱ ሲፋጅ ከሩቅ ሆነው ያያሉ። ክፋቱን ሁሉ የሚሠራው ሰው ስለ ሆነ ማንም «ይህ አይሆንም» አይልም። ነገር ግን እነዚያ ባዕዳን የራሳቸው ጠባይ ስለሌላቸው ከመንደርተኞቹ ጠብ በቀር በልብ የሚቀር ነገር የለም።

ካናሚት ግን ከነጉድለቱ በልብ ይቀራል፤ የሚቀረውም በመጽሐፉ አይደለም። የምሥጢር ጽሕፈት ፈቺ የነበረው ቼምበርስ በመርከቡ ውስጥ ተዘግቶበት ምግብ ይቀርብለታል፤ እንቢ ይላል። የካናሚቱ ድምፅ አይቈጣም፤ አያስፈራራም፤ እንዳይከሳ ብሎ በትሕትና ብላ ይለዋል። ቼምበርስም በመጨረሻ መብላት ይጀምራል።